የጾም ሰሞን አጥንት

«በረኪና ቢነካውስ? አጥንት አጥንት ነው» አለ ኤልያስ።

ዶክተር ሮማን ቀና አላሉም። በግራ እጃቸው አንድ፣ በቀኝ እጃቸው አንድ የአጥንት ቁራጭ ይዘዋል። ሁለቱም ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጡም። የግራውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቁት፤ ምንም አልሆነም። የቀኙን ፋቁት፤ ጥፍራቸው ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

«ይኼ ኖራ ነው» አሉ። «ኖራ ላይ ሴል ዘርተህ ለምን አልቆፈረም ትለኛለህ።»

«ለምን አልቆፈረም አላልኩም። ሥሩ ስላስቆመው ነው ያልቆፈረው፣ ነው ያልኩት።»

«እሱን ነው የምልህ። ሥሩ ይሁን በረኪናው ያስቆመው አታውቅም። እኔም አላውቅም።»

«እናቴ እኮ ናት የምትጠጣው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዛሬውኑ ታቁም የምልህ።»

እኔና የሥራ ባልደረባዬ ዳዊት የእጅ መታጠቢያው ጋ ቆመን የታጠበ ብልቃጥ መልሰን እናጥባለን። መውጣት ነበረብን፤ አልወጣንም። ቤተ ሙከራችን አቃቂ በሰቃ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነበረች። ሦስት ጠባብ ክፍሎች ብቻ ስለነበሯት ሰው ተደብቆ የሚጣላበት ቦታ አልነበራትም። ኤልያስ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቤተ ሙከራዋን ያቋቋመው እሱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን «አንተ በሉኝ» ስላለን አንተ እንለው ነበር። ዶክተር ሮማን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት መምህሩ ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ለምኖ አመጣቸው። እሳቸውን ማንም ሳይነግረን እርስዎ እንላቸው ነበር፤ እሱም ጭምር።

የተጣሉበትን ነገር ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። አጥንታችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፤ ኦስቲዮክላስት ይባላሉ። ያረጀውን አጥንት በአሲድ እያሟሙ ያነሳሉ፤ ሌሎች ሴሎች ከኋላ ከኋላቸው እየመጡ በአዲስ ይተካሉ። ሰው ሲያረጅ፣ ሴት ስታረጅ ደግሞ ይበልጥ፣ አፍራሾቹ ገንቢዎቹን ይቀድሙና አጥንት ይሳሳል። ኤልያስ የሚያጠናው አንድ ሥር ነበር። በአባቱ አገር ገበሬዎች እግሩ ለተሰበረ በሬ ቀቅለው ያጠጡታል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ነገ ጠዋት የሚቀቅል ሰው አይጠፋም። በዐቢይ ጾም የሠራነው ሙከራ ሥሩ አፍራሾቹን ሴሎች እንዳስቆማቸው አሳየ። የኤልያስ እናት እማማ አጸደ፣ አጥንታቸው ሳስቷል ተብለው ከሐኪም ቤት መድኃኒት የታዘዘላቸው ሴት፣ ያንን ሲሰሙ መድኃኒቱን ትተው ሥሩን መጠጣት ጀመሩ። አሁን ዶክተር ሮማን ሙከራው ከመነሻው የተበላሸ ነው እያሉ ነው።

ይህን የምጽፈው ሥራውን ከተውኩ በኋላ ነው። ቤተ ሙከራዋ ተዘግታለች፤ ከዚህ ታሪክ ጋር አይያያዝም፣ የቤት ኪራይ ነገር ነው። እኔ አሁን ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ነኝ፤ የተነከረው ጨርቅ ከናሙናው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም መያዙን አያለሁ። በቅርቡ በሠራተኞች አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች አዲስ ልጅ በፊት ምን ትሠሪ ነበር አለችኝ። አጥንት የሚበሉ ሴሎች እቀልብ ነበር አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ መቀመጫ ቀየረች። መጻፍ እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

የላቦራቶሪ ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ መጀመሪያ የተመደብኩት ቃሊቲ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሥራው ሰገራና ደም ማየት ነው። አለቃዬ አቶ ጌታሁን ማቅለሚያ እንዳይባክን ጠብታውን ከትከሻዬ በላይ ቆመው የሚቆጣጠሩ ሰው ነበሩ፤ ለምን እንደማቀልም ግን ጠይቄያቸው አንድ ቀን መልስ አላገኘሁም። ቀጥሎ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ገባሁ። ወደ ወንዝ የሚለቀቀውን ውሃ መለካት ነበረብኝ። እዚያ ያለው አለቃ ደግ ሰው ነው፤ ምሳ ይጋብዛል፣ ስለ እናትና አባት ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ግን «ያለፈውን ሳምንት ጻፊው» ይላል። ከሁለቱም ቦታ የወሰድኩት ዓይን ብቻ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ረጅም ሰዓት ጎንበስ ብሎ አለመሰልቸትን።

ዶክተር ሮማን ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። አንድ የአጥንት ቁራጭ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጡና ያየሽውን ጻፊ አሉኝ። ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። እርሳስ አንስተው «በጣም» የሚለውን ሰረዙ፣ «አስደናቂ» የሚለውን ሰረዙ፣ «ይመስላል» ያልኩበት ቦታ ሁሉ ምን እንደሚመስል ሳይሆን ምን እንደሆነ ጻፊ አሉ። ሁለት መስመር ቀረ። «ይኼ ይበቃል» አሉና ሰኞ ግቢ አሉኝ። በዚያን ዘመን ማታ ማታ ግጥም እሞክር ነበር። ቤት ገብቼ ደብተሬን ከፈትኩና በተመሳሳይ እርሳስ አለፍኩበት፤ ብዙ አልተረፈም።

ሥራው የሚጀምረው ከቅልጥም ነው። የበሬ ቅልጥም ከሥጋ ቤት ይመጣል፤ ሥጋና ጅማቱ በቢላ ይፋቃል፣ መቅኑ ይወጣል። ከዚያ ውሃ እየተንጠባጠበበት በዝግታ በሚዞር የአልማዝ ጥርስ ባለው መጋዝ ይቆረጣል። መጋዙን ማፋጠን አይቻልም፤ ከፈጠነ አጥንቱ ይሞቃል፣ ጠርዙ ይቃጠላል። የሚወጣው ቁራጭ ከጥፍር ትንሽ ቢወፍር ነው። በድምፅ ሞገድ በሚንቀጠቀጥ ውሃ ውስጥ ይታጠባል፣ አልኮል ውስጥ ይነከራል፣ ይደርቃል። ዶክተር ሮማን ከእያንዳንዱ አጥንት የሚወጡትን ቁራጮች በአንድ ብልቃጥ ያስቀምጡና በእርሳስ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቅቃል። ከሁሉም በላይ የሚይዙት ሕግ አንድ ነበር፤ መድኃኒት የሚሰጠውም የማይሰጠውም ሴል ከአንድ አጥንት በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ይቀመጣል። ያረሰ በሬና የደለበ ወይፈን አጥንታቸው አንድ አይደለም ይሉ ነበር። ያኔ ጥንቃቄ ማብዛት ይመስለኝ ነበር።

ሴሎቹን የምናገኘው ከራሳችን ደም ነው። ደሙን ከሚከብድ ፈሳሽ በላይ ቀስ ብሎ አፍስሶ በማሽን ማሽከርከር፤ ሲቆም መሐል ላይ ነጭ ቀለበት ይሠራል፤ ያንን ቀለበት ብቻ መምጠጥ። እጅ ከተንቀጠቀጠ ቀለበቱ ይበተናል። አባቴ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ የስልጤ ሰው፣ ይህን ሲሰማ ዓመት ሙሉ ሲገርመው ኖረ። «ደምሽን ወስደው ደመወዝ ይሰጡሻል፤ እኔ ሱቅ ብትውዪ ደምሽም ደመወዙም ይተርፍ ነበር» ይለኝ ነበር። ከሁላችንም ደም ጥሩ የሚሠራው የዳዊት ነው። የእሱ ሴሎች ቶሎ ያድጋሉ፣ ብዙ ይቆፍራሉ። እንደ ባለቤታቸው ናቸው፣ አጥንት ካዩ ምሕረት የላቸውም እንለው ነበር።

ነጩ ቀለበት ውስጥ ያሉት ሴሎች ገና አጥንት በሊታ አይደሉም። ከውጭ በበረዶ ታሽገው የሚመጡ ሁለት ፕሮቲኖችን እየተመገቡ ሙቀቱ በማይለወጥ ሣጥን፣ በኢንኩቤተር ውስጥ ይከርማሉ። ከሳምንት በላይ ሲቆዩ መጠጋጋት ይጀምራሉ። ከዚያ ግድግዳቸው ይፈርስና ይዋሃዳሉ፤ በአንድ ትልቅ ሴል ውስጥ ብዙ ኒውክለስ ይታያል፣ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ እንደሚኖረው። ማቅለሚያው ሲደርስባቸው ቀይ ወይን ጠጅ ይመስላሉ። የሚቆፍሩት እነዚህ ናቸው። መቆፈራቸውን ለማየት ግን ሴሎቹ መነሳት አለባቸው፤ በጥጥ ተጠርገው አጥንቱ ብቻ ሲቀርና በሰማያዊ ቀለም ሲነከር ጉድጓዶቹ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ካፊያ አቧራ ላይ የሚተወው ዓይነት ጉድጓድ ነው። እኔ ማየት እወድ የነበረው ይህንን ነው። አጥንት ላይ የሚቀረውን ምልክት እንጂ ሴሉን ብዙ አልወደውም ነበር።

ኢንኩቤተሩ የሚፈልገው ጋዝ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚገባው ጋዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ሲሊንደሩ ሲያልቅ ሴሎቹ ያሉበት ፈሳሽ ከብርቱካን ወደ ሮዝ ይቀየራል፤ ኮምጣጣነቱ ቀነሰ ማለት ነው። አጥንት በሊታዎቹ ደግሞ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ቤት ይወዳሉ፤ ካልኮመጠጠ ሥራ ያቆማሉ። ዶክተር ሮማን ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት በመስታወቱ ቀለሙን ያያሉ። ሮዝ ከሆነ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «ይኼ ሳምንት የለም» ይላሉ። የሠራነው ሁሉ ይደፋል። ኤልያስ በዚህ ይቃጠል ነበር። ፕሮቲኖቹ ውድ ናቸው። እሳቸው ግን ሲደፉ ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም።

ሲቆጠርም ቆጣሪው የትኛው ቁራጭ መድኃኒት እንደተሰጠው ማወቅ የለበትም። ለዚህ ዶክተር ሮማን ስሞቹን በታክሲ ፌርማታ ይለውጡታል። ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን። የትኛው የቱ እንደሆነ የተጻፈበትን ወረቀት ፖስታ ውስጥ አሽገው ይይዛሉ። እኔና ዳዊት ለየብቻ ቆጥረን «ሳሪስ ሞልቷል፣ ቃሊቲ ባዶ ነው» እንላለን፤ ወያላ እንመስላለን። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ከእያንዳንዱ አጥንት አንድ ቁራጭ ሴል ሳይነካው ይቀመጣል። ምን ያደርግልናል ብዬ ጠይቄያቸው፣ «አንድ ቀን ትፈልጊዋለሽ» ብለውኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ዶክተር ሮማን ፈቃድ ወስደው ሱባኤ ገቡ። ከፋሲካ በኋላ ሥራችንን የሚያዩ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ኤልያስ የሥሩን ሙከራ ከዚያ በፊት መጨረስ ፈለገ። ችግሩ አጥንት ነበር። ደንበኛችን ሥጋ ቤት በጾም ዝግ ነው፤ የሁሉም ክርስቲያን ሥጋ ቤት እንደዚያው። ስለዚህ ወደ ጋሼ ሸምሱ ሄድኩ። የአባቴ አገር ሰው ናቸው፤ ለሙስሊሙ የሚያርዱ፣ ሱቃቸው በጾም የማይዘጋ።

መጀመሪያ የሰጡኝን ቅልጥም በፌስታል ይዤ ታክሲ ገባሁ። በጾም ታክሲ ውስጥ ደም የሚያንጠባጥብ ፌስታል ይዞ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩበትም። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ከኋላ አንድ ሰው «ጾሙን እዚሁ ልታስፈቺን ነው?» አለ፤ ወያላው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ በሩን ከፍቶ ዝም ብሎ አየኝ። ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ። ያን ቅልጥም ኤልያስ ሲቆርጠው ቸኩሎ መጋዙን አፈጠነና አቃጠለው። በማግስቱ ሌላ አጥንት ልወስድ ስሄድ ለጋሼ ሸምሱ እየሳቅኩ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ነይ አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን የሰጡኝ አጥንት ነጭ ነበር። ሽታ የለው፣ ደም የለው፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ዳዊት ሲያየው «ይኼማ ሊዳር ነው» አለ። ኤልያስ ደስ አለው፤ የመፋቅ ሥራ ቀርቶልን ነበር። ቆረጥነው፣ አጠብነው። ከጾም በፊት ከተቆረጠው አጥንት የቀሩት ቁራጮች ጥቂት ስለነበሩ፣ አዲሱም ብቻውን ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ኤልያስ እነሱን ሥር ለማይሰጣቸው ሴሎች መደባቸው፤ አዲሱን ነጭ አጥንት ሥሩን ለሚያገኙት። የዶክተር ሮማንን ሕግ ያውቃል። አስተማሪው ናቸው፤ ፈተና ላይ ጽፎላቸዋል። ግን አጥንት አልነበረም፣ ጊዜም አልነበረም። አጥንት ደግሞ አጥንት ነው።

ቆጠራው በሐቅ ነው የተካሄደው። ኤልያስ እንደ መምህሩ በፌርማታ ስም ሰይሞ ፖስታውን አሸገ፤ እኔና ዳዊት ሳናውቅ ቆጠርን። ሳሪስ ዝናብ የመታው መሬት ነው። ገላን ሙልጭ ያለ፣ አንድ ሁለት ጭረት ብቻ። ፖስታው ሲከፈት ገላን ሥሩ ነበር። ኤልያስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወርዶ ለስላሳ ገዝቶልን መጣ። የራሱን ጠርሙስ ሳይከፍተው ስልኩን አነሳና እናቱ ጋ ደወለ።

የእማማ አጸደ መድኃኒት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ጉሮሮን እንዳያቃጥል ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው፣ መተኛት የለም። ለእሳቸው ትልቁ ነገር ውሃው ነበር። በጾም እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም አይቀምሱም፤ ኪኒኑ ግን በጠዋት ውሃ ይላል። የንስሐ አባታቸው ይፈቀድልሻል ቢሏቸውም ልባቸው አልተቀበለውም። ሥሩ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ይጠጣል። ልጃቸው በመሣሪያ አይቼዋለሁ ሲላቸው ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ኪኒኗን ተዉአት።

ዶክተር ሮማን ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ። ውጤቱን አነበቡ፣ ጥሩ ነው አላሉም፣ መጥፎ ነው አላሉም። መጀመሪያ የጠረጠሩት ሥሩ የፈሳሹን ኮምጣጣነት ቀንሶት እንዳይሆን ነበር፤ ለኩት፣ ልክ ነው። ቀጥሎ ሴል ያልነካቸውን ሁለቱን ቁራጮች አምጪ አሉኝ። የድሮው አጥንት ሰማያዊውን ቀለም እኩል ጠጣ። የጾሙ አጥንት አንድ ቦታ ጠቆረ፣ አንድ ቦታ ገረጣ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በጥፍራቸው የፋቁት። ከዚያ ጋሼ ሸምሱ ጋ ሂጂና ምን እንዳደረጉት ጠይቂያቸው አሉኝ።

ጋሼ ሸምሱ ቢላ እየሳሉ ነበር። አጥንቱ ለምን ነጭ እንደሆነ ስጠይቃቸው ደስ አላቸው፤ ሰው ልፋታቸውን ሲያይላቸው የመጀመሪያው መሰለኝ።

«በረኪና ነዋ» አሉ። «ከጠዋት ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ በአዲስ በረኪና።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ እንደ መጣ ነበር የምንፈልገው።»

«ልጄ፣ አንቺን ከታክሲ አውርደውሽ እኔ እንደ መጣ ልስጥሽ?» አሉ። «ሰዎቹም አልተሳሳቱም፤ ጾማቸው ነው። ደሞ ሐኪም ቤት በረኪና አይደል የሚጠቀመው? እኔ ያወቃችሁ መስሎኝ ነው።»

አመሰገንኳቸው። ስመለስ ለዶክተር ሮማን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ለኤልያስም እሳቸው ነገሩት። በረኪና የአጥንትን ፕሮቲን በልቶ ኖራውን ብቻ ይተዋል። አጥንት በሊታ ሴል ደግሞ አጥንት ላይ የሚጣበቀው በፕሮቲኑ ነው፤ ካልተጣበቀ አሲዱን የሚያፈስበት ዝግ ቦታ አያገኝም፣ አይቆፍርም። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ክርክር የተነሳው እንዲህ ነው።

ክርክሩ ረጅም ነበር፤ አብዛኛው መደጋገም ነው። ኤልያስ ሥሩ እንደሚሠራ፣ አባቱ አገር በሬዎች ሲድኑ በዓይኑ እንዳየ ተናገረ። ዶክተር ሮማን ሙከራው በአንድ አጥንት ላይ ይደገም አሉ። በዚህ ተስማሙ። ያልተስማሙት እማማ አጸደ እስከዚያ ምን ያድርጉ በሚለው ነው።

«ድጋሚው እስኪያልቅ ትጠጣ» አለ ኤልያስ። «የጥቂት ሳምንት ነገር ነው።»

«ድጋሚው እስኪያልቅ ኪኒኗን ትዋጥ።»

«ሥሩ ሠርቶ ቢገኝስ? ሁለት ጊዜ ላወናብዳት ነው?»

«ባይሠራስ? በእሷ አጥንት ላይ ነው የምትጠብቀው።»

ኤልያስ ለእናቱ በዚያን ቀን አልነገራቸውም። ዶክተር ሮማንም ከሱ ቀድመው አልነገሯቸውም፤ እናትህ ናት፣ አንተ ንገራት አሉና ተዉት። ይህን ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አሁንም አላውቅም።

ድጋሚውን ኤልያስ በገዛ እጁ ሠራው። ቅልጥሙን ራሱ ገዛ፣ ራሱ ቆረጠ። መጋዙ ጋ ተቀምጦ ውሃው ሲንጠባጠብ ሳየው እንደ ተማሪ ነበር፤ አይቸኩልም፣ አያወራም። ከዚያው ቅልጥም ግማሹን ቁራጭ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈው፤ ግማሹን እንዳለ ተወው። በሁለቱም ላይ ከዳዊት ደም የተገኙ ሴሎችን አስቀመጠ፤ አንዳንዶቹ ሥሩን አገኙ፣ አንዳንዶቹ ውሃ፣ አንዳንዶቹ እናቱ ይውጡት የነበረውን መድኃኒት። ፌርማታዎቹ አልበቁንም፤ ዶክተር ሮማን ስም ፍለጋ ደብረ ዘይት ፌርማታ ድረስ ሄዱ። በዚያ ሁሉ ሳምንት መብራት ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ ሦስቱንም ጊዜ ኤልያስ ራሱ ጄኔሬተሩን አስነሳ። ፈሳሹ ሮዝ አልሆነም። አንዳንዴ ሮዝ ቢሆንለት ሳይመኝ አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

ቆጥረን ስንጨርስ ፖስታውን እንዲከፍት ለእሱ ሰጡት። በንጹሑ አጥንት ላይ ውሃ ያገኙትና ሥር ያገኙት ሴሎች እኩል ቆፍረዋል፤ ማንም ከማንም አይለይም። መድኃኒቱን ያገኙት ጉድጓድ የለም ማለት ይቻላል። በበረኪናው አጥንት ላይ ደግሞ ማንም አልቆፈረም፤ ሥር አገኘ አላገኘ። ኤልያስ ወረቀቱን አንዴ አነበበው፤ አገላብጦ ጀርባውን አየው፤ ጀርባው ላይ ምንም አልነበረም።

«ልጥራት» አለ።

ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ሄዶ ሊነግራቸው ይችል ነበር። ወደ ቤተ ሙከራ የጠራቸው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ምናልባት ነጭ ካፖርቱን ለብሶ መናገር ይቀላል ብሎ ይሆናል።

እማማ አጸደ በከሰዓት መጡ። ደረጃውን በከዘራ እየተመረኮዙ፣ በየመሐሉ እየቆሙ ወጡ። የባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበሩ፤ አቃቂን በባቡሩ ዘመን የሚያውቁ፣ ድምፃቸው ከርቀት የሚሰማ። ሲገቡ ዳዊትን ክንዱን ይዘው «ዛሬም ደምህን ሲመጡህ ነው የዋሉት? ሥጋ የለህም እኮ» አሉት። እኔን ጉንጬን ሳሙኝ። ዶክተር ሮማንን ከወንበራቸው ሳያስነሱ ሰላም አሏቸው። ኤልያስ ወንበር አቀረበላቸው፤ ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መሐል ተከሉ።

ኤልያስ ቆሞ ነበር የነገራቸው። አሳጥሮ ነገራቸው፤ ያን ያህል አሳጥሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የመጀመሪያው ሙከራ አጥንቱ ተበላሽቶ እንደነበር፣ እንደገና እንደሠሩት፣ ሥሩ ምንም እንደማያደርግ። ወደ ኪኒኑ እንዲመለሱ።

እማማ አጸደ ቀና ብለው አዩት።

«ይሠራል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እማዬ።»

«አይቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ያየሁ መስሎኝ ነበር።»

ወደ ዶክተር ሮማን ዞሩ። «እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?»

«ሱባኤ ነበርኩ።»

«ይቀበልልዎ» አሉ እማማ አጸደ፤ ድምፃቸው ውስጥ ምርቃትም ሌላም ነገር ነበረበት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ተመለሱ። «ስንት ጊዜህ ነው ካወቅክ?»

«ዛሬ ነው ያረጋገጥኩት።»

«ማረጋገጥ አላልኩህም።»

ኤልያስ ወለሉን አየ። «ከፋሲካ በኋላ ጠርጥረን ነበር።»

እማማ አጸደ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደተናደደ ሰው ሳይሆን ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው። እጃቸውን ዘርግተው የግራ አንጓቸውን በቀኝ ጣቶቻቸው ያዙት፤ ባለፈው ዓመት የተሰበረው እሱ ነው።

«እኔስ እሺ» አሉ። «ያቺን ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ የምትል ኪኒን እውጣለሁ። እነ ዘነበችን ምን ልበላቸው?»

«እነ ዘነበች እነማን ናቸው?» አለ ኤልያስ።

«የብሎካችን ሴቶች ናቸዋ። ዘነበች፣ የሶስና እናት፣ ከላይ ያለችው ሐዋ። ሁሉም እንደኔው ተብለዋል፣ አጥንታችሁ ሳስቷል። ሐዋ ወገቧ ነው። በየጊዜው የምትሰጠኝን ሥር ለብቻዬ የምጨርሰው መስሎህ ነበር? ቀቅዬ አካፍላቸዋለሁ። ዘነበች ኪኒኗን ጥላዋለች፣ በሽንት ቤት ነው የደፋችው። ልጄ ሐኪም ነው፣ በመሣሪያ አይቶታል ብዬ ነው የሰጠኋቸው።»

ዳዊት ቧንቧውን ዘጋ። መከፈቱን አላየሁም ነበር፤ ውሃው ሲቆም ነው ሲፈስ እንደነበር ያወቅኩት። ዶክተር ሮማን መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ቆዩ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ ኤልያስ። ነጩን ካፖርት አውልቆ ጃኬቱን ከመስቀያው አነሳ። «አሁኑኑ እንሂድ። አብሬሽ ሄጄ እያንዳንዳቸውን አስረዳለሁ። ስለ አጥንቱ፣ ስለ በረኪናው...»

«የበረኪናው ነገር ለዘነበች ምን ያደርግላታል?»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እኔ ልንገራቸው።»

«አንተ የነገርከው ለኔ ነው» አሉ እማማ አጸደ። «ይኸው አሁንም ነገርከኝ፤ ጨርሰሃል። እነሱ አንተን አያውቁህም፤ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሰላም ብለሃቸው ይሆናል። የጠጡት እኔን አምነው ነው። የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ የምነግራቸው።»

«እንግዲያው መኪናውን ላምጣ።»

«ታክሲ ሞልቷል።»

«ደረጃውን እንኳ ልያዝሽ።»

«አትያዘኝ።»

ከዘራቸውን ተጭነው ተነሱ። ቀጥ እስኪሉ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ለእኔና ለዳዊት «ደህና ዋሉ» አሉን፤ ለዶክተር ሮማን አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ኤልያስ አንድ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሌላው እጁ ውጭ እንደቀረ ቆሟል። እማማ አጸደ በአጠገቡ አልፈው ወጡ፤ በሩንም ራሳቸው ከውጭ ሳቡት፤ ተዘጋ።